ኮሌጅ እየተማሩ የአስተናጋጅነት ሥራ እንዴት ይመረጣል? በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ላሉ ተማሪዎች ዝርዝር መመሪያ

በየሴሚስተሩ አንድ ዓይነት ታሪክ ይደርሰኛል። ተማሪው ኮሌጅ ይመዘገባል። በሁለተኛው ሳምንት የአክስቱ ጓደኛ "እኛ ጋ ሰው ይፈለጋል" ትለዋለች። ቅዳሜ ሥራ ይጀምራል። በስድስተኛው ሳምንት አንድ ክላስ ይጥላል። በአሥረኛው ሳምንት ሥራውንም ይለቃል፤ እጁ ላይ ግን የረባ ገንዘብ የለም።

እኔም በዚሁ መንገድ አልፌያለሁ። መጀመሪያ የገባሁበት ቤት "ትሬኒንግ ነው" ተብዬ ሦስት ሳምንት ያለ ክፍያ ሠራሁ። ስንት እንደሚከፈለኝ አልጠየቅኩም። ማታ ስንት ሰዓት እንደምወጣም አልጠየቅኩም። ባለቤቷ እናቴን ታውቃለች፤ በምን አፌ ልጠይቅ? ይሉኝታ ያዘኝ። የዚያን ሴሚስተር ሂሳብ ወደቅኩ።

ስለዚህ እዚህ የምጽፈው ሥራ ስለማግኘት ሳይሆን ስለመምረጥ ነው። ቅደም ተከተሉን ጠብቁ። ደረጃ 1ን ዘላችሁ ደረጃ 5 ላይ ብትጀምሩ መልሳችሁ እዚያው ታሪክ ውስጥ ትገባላችሁ። ሌላ ስቴት ያላችሁ ሕጉንና የክፍያውን ቁጥር የራሳችሁን ስቴት እዩ፤ አካሄዱ ግን ያው ነው። ሰዓቱን ሁሉ የጻፍኩት በአሜሪካ አቆጣጠር ነው።

ከሁሉ በፊት፦ የመሥራት ፈቃድ አላችሁ?

በኤፍ-1 የተማሪ ቪዛ የመጣችሁ ከሆነ እዚህ ላይ ቁሙ። ልዩ ፈቃድ ከሌላችሁ ከካምፓስ ውጪ ባለ ምግብ ቤት መሥራት አትችሉም። "በካሽ ነው፣ ማን ያውቃል?" የሚላችሁን አትስሙ። ያለ ፈቃድ መሥራት ስታተሳችሁን ያበላሻል፤ ከዓመታት በኋላም ሌላ ማመልከቻ ላይ ሊመጣባችሁ ይችላል። ለእናንተ የተፈቀደው ካምፓስ ውስጥ፣ ትምህርት ባለበት ጊዜ በሳምንት እስከ 20 ሰዓት መሥራት ነው። የኮሌጁ ካፌቴሪያ፣ ዳይኒንግ ሆል ወይም የቡና መሸጫ ካለ መጀመሪያ የውጭ ተማሪዎች አማካሪያችሁን አነጋግሩና እዚያ አመልክቱ። የቀሩት ደረጃዎች ለእሱም ይሠራሉ።

ዜግነት ወይም ግሪን ካርድ ያላችሁ መሥራት ትችላላችሁ። አሳይለም (ጥገኝነት) ጠይቃችሁ የሥራ ፈቃድ ካርድ የያዛችሁም እንደዚሁ። ካርዱ መቼ እንደሚያበቃ ግን አሁኑኑ እዩ። ሴሚስተሩ መሃል ላይ የሚያበቃ ከሆነ እድሳቱን ከሥራ ፍለጋው አስቀድሙ።

ደረጃ 1፦ ትርፍ ሰዓታችሁን በወረቀት አውጡ

1. አንድ ወረቀት ላይ ሰባቱን ቀናት ጻፉ። የክላስና የላብ ሰዓቶችን አስገቡ።

2. ለእያንዳንዱ ክሬዲት በሳምንት ሁለት የጥናት ሰዓት ያዙ። 12 ክሬዲት ካላችሁ 12 ሰዓት ክላስና 24 ሰዓት ጥናት፣ በድምሩ 36 ሰዓት ይሆናል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ማክሰኞና ሐሙስ ክላስ የለኝም ብሎ ቀኑን ሙሉ ለሥራ ይሰጣል። እነዚያ ቀናት ግን የጥናት ቀናት ናቸው።

3. መንገድ፣ እንቅልፍ፣ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ፣ ልብስ ማጠቢያ፣ እህት ወንድም የምትጠብቁበትን ሰዓት ሁሉ ጻፉ።

4. የተረፈውን ደምሩ። ለመጀመሪያው ሴሚስተር ከ15 ሰዓት በላይ አትውሰዱ። በኋላ 20 ድረስ መሄድ ይቻላል። እኔ ከ20 በላይ ለማንም ፉል ታይም ተማሪ አልመክርም።

5. ሁለት "የማይነኩ" ሰዓቶች ምረጡ። አንዱ ከጠዋት ክላስ በፊት ያለው ሌሊት ይሁን። ጠዋት በ8 ክላስ ካላችሁ ዋዜማውን ቤት የሚዘጋ ሺፍት አትያዙ።

*ሰዓት ካልተረፈ፦* ክሬዲት ለመቀነስ አትቸኩሉ። ፔል ግራንት የሚባለው የፌዴራል የትምህርት እርዳታ መጠን በያዛችሁት ክሬዲትም ይወሰናል፤ ከ12 ስትወርዱ ገንዘቡም ይወርዳል። ከሴሚስተሩ 60 በመቶ ሳይሞላ ሁሉንም ክላስ ብትጥሉ ደግሞ የተሰጣችሁን የፌዴራል እርዳታ በከፊል እንድትመልሱ ልትጠየቁ ትችላላችሁ። ከመጣላችሁ በፊት የፋይናንሻል ኤይድ ቢሮ ግቡ።

እግረ መንገዳችሁን የእርዳታ ደብዳቤያችሁን አንብቡ። "ወርክ ስተዲ" የሚል ካለበት የካምፓስ ሥራ መብት አላችሁ ማለት ነው። ከእሱ የምታገኙት ገንዘብ ለሚቀጥለው የፋፍሳ (የፌዴራል የትምህርት እርዳታ ማመልከቻ) ስሌት እንደ ገቢ አይቆጠርባችሁም። የምግብ ቤት ገቢ ግን ይቆጠራል፤ ከተወሰነ መጠን ሲያልፍ ከሁለት ዓመት በኋላ የሚሰጣችሁን እርዳታ ሊቀንስ ይችላል።

ደረጃ 2፦ መመለሻችሁን አስቀድሙ

መሄዱ ቀላል ነው፤ ሰው የሚቸገረው ሲመለስ ነው።

"ቤቱ በ10 ይዘጋል" ማለት በ10 ትወጣላችሁ ማለት አይደለም። የመጨረሻው ደንበኛ 10፡20 ላይ ይነሳል። ጠረጴዛ ይጠረጋል፣ ወለሉ ይጸዳል፣ ቲፕ ይቆጠራል። 11፡15 ሆነ ማለት ነው። ሜትሮ ከአርብና ቅዳሜ በቀር እኩለ ሌሊት ላይ ይዘጋል። የመጨረሻው ባቡር ደግሞ ከእናንተ ጣቢያ የሚያልፈው ከዚያ ቀድሞ ሊሆን ይችላል። ቀይ መስመር ላይ ካመለጣችሁ ሲልቨር ስፕሪንግ ለመድረስ የምትከፍሉት ኡበር የሰዓታት ደሞዛችሁን ይበላዋል።

እንዲህ አድርጉ፦

1. ካርታ ላይ ከቤታችሁና ከኮሌጃችሁ በአንድ በኩል 30 ደቂቃ የሚወስደውን ርቀት ለዩ። ከዚያ ውጪ ያለውን ለጊዜው ተዉት።

2. የእሑድ አውቶቡስ ፕሮግራም ለብቻው እዩ። ከሥራ ቀን ጋር አንድ አይደለም።

3. ሥራውን ከመቀበላችሁ በፊት፣ በምትወጡበት ሰዓት አካባቢ ያንን መንገድ አንድ ጊዜ ሂዱበት። ከፌርማታው እስከ ቤት ያለው መንገድ ጨለማ ከሆነ፣ የሚያስፈራ ከሆነ፣ ያ ቤት ለእናንተ አይሆንም። በተለይ እህቶቼ፣ "እለምደዋለሁ" አትበሉ።

መኪና ካላችሁ የት እንደምታቆሙ ጠይቁ። ዩ ስትሪት አካባቢ አንድ የፓርኪንግ ቅጣት የአንድ ሺፍት ቲፕ ሊወስድ ይችላል።

ደረጃ 3፦ የቤቱን ዓይነት ምረጡ

*የሐበሻ ምግብ ቤት።* ለመግባት ይቀላል፤ ቋንቋውንም ምግቡንም ታውቁታላችሁ። ከባለቤቱ ጋር ከተግባባችሁ ፈተና ሲደርስ ያዝንላችኋል። ችግሩ ደንበኛው ረጅም ይቀመጣል። አራት ሰው አንድ ትሪ ከቦ፣ በላዩ ቡና ጨምሮ ሁለት ሰዓት ተኩል ይጫወታል። ጠረጴዛው ተያዘ ማለት ነው፤ የሚመጣው ግን የአንድ ቢል ቲፕ ነው። በሑዳዴ ደግሞ ክትፎና ጥብስ ላይ የቆመ ቤት ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ጾም ላይ ስንት ሺፍት እንደሚቀነስ ጠይቁ።

በዓላትንም ከፈተና ጋር አያይዛችሁ እዩ። ፋሲካ በ2024 ሜይ 5 ነበር፤ በ2027 ሜይ 2 ላይ ይውላል። ብዙ ኮሌጆች ፋይናል የሚሰጡት በዚያው ሰሞን ነው። ቤቱ በጣም የሚፈልጋችሁ ሳምንትና ኮሌጁ በጣም የሚፈልጋችሁ ሳምንት አንድ ይሆናል። ይህን የምትነጋገሩት ሥራ ስትጀምሩ እንጂ በሕማማት አይደለም።

*የቁርስና የምሳ ቤት።* ለተማሪ የእኔ ምርጫ ይህ ነው። የአንዱ ሰው ቢል ትንሽ ነው፤ ጠረጴዛው ግን ቶሎ ቶሎ ይለቀቃል። ቀትር ላይ ወይም ከሰዓት በኋላ ትወጣላችሁ። ማታው የጥናት ነው።

*ትልልቅ ሰንሰለት ምግብ ቤቶች።* ወረቀታቸው የተስተካከለ ነው፤ የሥልጠና ሰዓት ይከፍላሉ። ሺፍት የሚቀያየሩበት አፕ ያላቸው ብዙ ናቸው፤ ፈተና ሲመጣ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ደካማ ጎናቸው ቤቱ ከቀዘቀዘ ቶሎ ወደ ቤት ይሰዱዋችኋል።

*የሆቴል ባንኬት።* ሠርግና ስብሰባ ላይ ማስተናገድ ነው። ቀኑ ቀድሞ ይታወቃል፤ በሰዓት የሚከፈለውም ብዙ ጊዜ ከምግብ ቤት መነሻ ክፍያ ይሻላል። በየሳምንቱ ሥራ መኖሩን ግን አትተማመኑበት።

ውድ ምግብ ቤት ቲፑ ጥሩ ነው። ነገር ግን የወይን ዝርዝር ማጥናት አለ፤ ያለ ልምድ ብትገቡ በበሰርነት (ጠረጴዛ በማንሳት) ወይም በሆስትነት (ደንበኛ ተቀብሎ በማስቀመጥ) ነው የምትጀምሩት። ለመጀመሪያው ዓመት አልመክረውም።

ደረጃ 4፦ ደንበኛ ሆናችሁ ተቀመጡ

ከሦስት እስከ አምስት ቤት ከመረጣችሁ በኋላ ማመልከቻ ሳታስገቡ ሄዳችሁ ተቀመጡ። ማኪያቶ ወይም ሻይ ይበቃል። ቅዳሜ ማታ አትሂዱ፤ ቅዳሜ ሁሉም ቤት ሙሉ ነው። እናንተ ልትሠሩበት ባሰባችሁት ቀንና ሰዓት ሂዱ። ለአዲስ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሰጠው የማክሰኞና የረቡዕ ሺፍት ነውና ማክሰኞን እዩ።

ስልካችሁ ላይ እነዚህን መዝግቡ፦

1. ስንት ጠረጴዛ አለ? በአንድ ሰዓት ውስጥ ስንቱ ተያዘ?

2. ስንት አስተናጋጅ አለ? ስምንት ጠረጴዛ ለአራት ሰው ከተከፈለ ለአንዱ ሁለት ነው የሚደርሰው። ከሁለት ጠረጴዛ ብዙ ቲፕ አትጠብቁ።

3. አማካይ ቢሉ ስንት ይሆናል? ሜኑውን እያያችሁ ገምቱ።

4. ምግብ ከኪችን ለመውጣት ስንት ደቂቃ ይፈጃል? ኪችኑ ሲዘገይ ደንበኛው የሚቆጣው አስተናጋጁን ነው፤ ቲፑም የሚቀንሰው የአስተናጋጁ ነው።

5. ባለቤቱ ወይም ማናጀሩ ሠራተኛውን እንዴት ይጠራዋል?

አምስተኛውን አትናቁት። አንድ ማታ የተቀመጥኩበት ቤት ለሥራ ያሰብኩት ነበር። ንጹሕ ነው፤ ሰው አለው። 9፡40 ገደማ ሁለት ጠረጴዛ ደንበኛ ሳይነሳ ወንበር መገልበጥ ተጀመረ። ጥግ ላይ አንዲት ልጅ ከፊቷ የሹካና የቢላ ክምር አድርጋ በናፕኪን ትጠቀልላለች። እኔ እስክወጣ አልጨረሰችም። ኮምፒውተሩ አጠገብ የስታቲስቲክስ መጽሐፍ ተከፍቶ በግንባሩ ተደፍቷል። ማናጀሩ አለፍ ሲል መጽሐፉን አንስቶ ከባንኮኒው ሥር ወረወረው። አንድ ቃል አልተናገረም። እሷም ቀና አላለችም። እዚያ ቤት አላመለከትኩም።

*ብትጠየቁ፦* አንድ ሰው "ሥራ ፈልገሽ ነው?" ካለ እውነቱን ተናገሩ። "አዎ፣ መጀመሪያ ቤቱን ልየው ብዬ ነው" ማለት ነውር የለውም።

ደረጃ 5፦ ማመልከቻ

ከሰዓት በኋላ ከ2 እስከ 4 ባለው ጊዜ ሂዱ። በምሳ ወይም በእራት ግርግር ከሄዳችሁ ማንም አያናግራችሁም። የምትሠሩበትን ሰዓት በአንድ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ያዙ። "ማንኛውም ሰዓት እችላለሁ" አትበሉ። አንዴ ከተባለ በኋላ እያንዳንዱ ክላስ እንደ ችግር ይቆጠርባችኋል። አልኮል የሚሸጥ ቤት ከሆነ ለማስተናገድ የሚጠየቀውን ዕድሜና የምስክር ወረቀት ጠይቁ፤ እንደ ስቴቱና እንደ ካውንቲው ይለያያል።

ደረጃ 6፦ መጠየቅ ያለበትን ጠይቁ

ልጆቻችን የሚወድቁት እዚህ ነው። የፈረንጅ ማናጀር ፊት በድፍረት የሚጠይቅ ልጅ እትዬ ፊት ሲቀርብ አንገቱን ይደፋል። ታላቅን ስለ ገንዘብ መጠየቅ ድፍረት ይመስለናል። ጥያቄው ግን በአክብሮት ከቀረበ ድፍረት አይደለም። እንዲያውም ትምህርቱን አክብሮ የያዘ ልጅ ሥራውንም ያከብራል ብለው የሚያስቡ ብዙ ናቸው።

እንዲህ ጀምሩ፦

"እትዬ፣ እድሉን ስለሰጡኝ በጣም አመሰግናለሁ። ትምህርት ላይ ስለሆንኩ አንዳንድ ነገር ቀድሜ ማወቅ አለብኝ። ሁለት ደቂቃ ካለዎት ልጠይቅዎት?"

ሥራውን ያገናኘቻችሁ ዘመድ ከሆነች ለእሷም አስቀድማችሁ ንገሩ። "አክስቴ፣ ሰዓቱንና ክፍያውን ጠይቄ ነው የምወስነው። ባይሆን እንዳትቀየሚኝ" በሏት። ያኔ እምቢ ብትሉ እሷም አታፍርም።

ከዚያ በቅደም ተከተል ጠይቁ፦

1. *በሰዓት መነሻው ስንት ነው?* ቲፕ ለሚቀበል ሠራተኛ የፌዴራሉ ዝቅተኛ መነሻ ከ1991 ጀምሮ 2.13 ዶላር ነው። ቨርጂኒያም በዚሁ ነው የምትሄደው። ሜሪላንድ 3.63 ሲሆን ሞንትጎመሪ ካውንቲ ግን 4 ዶላር ነው። ዲሲ መራጩ በ2022 ይህን መነሻ የሚያሳድገውን ኢኒሺየቲቭ 82 የተባለ ሕግ በድምፁ ካጸደቀ በኋላ እየጨመረ በጁላይ 2024 10 ዶላር ደርሷል። የዲሲው ሕግ ከዚያ ወዲህም ስለተነካካ ስትጀምሩ የከተማውን የሥራና ቅጥር መሥሪያ ቤት ገጽ እዩ። አንድ ነገር ያዙ፦ መነሻውና ቲፑ ተደምረው ሙሉውን ዝቅተኛ ደሞዝ ካልሞሉ ቀሪውን የሚሞላው አሠሪው ነው። በሜሪላንድ ሙሉው ከጃንዋሪ 2024 ጀምሮ 15 ዶላር ነው፤ ሞንትጎመሪ ውስጥ ከዚያም ይበልጣል።

2. *ቲፑ እንዴት ይከፋፈላል?* የየራስ ነው ወይስ በአንድ ተሰብስቦ ይካፈላል? ለበሰርና ለባርቴንደር ስንት ይወጣል? በፌዴራል ሕግ ባለቤት፣ ማናጀርና ሱፐርቫይዘር ከሠራተኛው ቲፕ መውሰድ አይችሉም። "እኔም አብሬ ስለማስተናግድ እካፈላለሁ" የሚል ባለቤት ካጋጠማችሁ ያ ቤት ይቅርባችሁ።

3. *ቢሉ ላይ ያለው ሰርቪስ ቻርጅ የማን ነው?* ዲሲ ውስጥ ብዙ ቤቶች ይጨምሩበታል። ደንበኛው ቲፕ የከፈለ ይመስለዋል፤ በሕግ ግን ገንዘቡ የቤቱ ነው። ለአስተናጋጁ ስንት እንደሚደርስ በቁጥር ይንገሩዋችሁ።

4. *ትሬኒንጉ ስንት ቀን ነው? ይከፈላል?* የሠራችሁበት ሰዓት ሁሉ ይከፈላል። "እንያችሁ" ተብሎ ትሪ የተሸከማችሁበት ማታም ሥራ ነው።

5. *የሚዘጋ ሺፍት ላይ ሠራተኛው የሚወጣው ስንት ሰዓት ነው?* "ቤቱ ስንት ሰዓት ይዘጋል?" ብላችሁ አትጠይቁ። ሌላ ጥያቄ ነው።

6. *የሳምንቱ ፕሮግራም መቼ ይወጣል?* እሑድ ማታ ለሰኞ የሚያወጣ ቤት ለተማሪ አይመችም።

7. *ደንበኛ ሳይከፍል ቢሄድ፣ ብርጭቆ ቢሰበር ማን ይከፍላል?* ከዝቅተኛው ደሞዝ በታች የሚያወርዳችሁ ከሆነ ከእናንተ መቁረጥ ሕገ ወጥ ነው። ቲፕን ቆጥሮ ዝቅ ያለ መነሻ የሚከፍል ቤት ደግሞ ለእንዲህ ያለው ነገር ከናንተ መቁረጥ አይችልም።

8. *ክፍያው በቼክ ነው?* ሙሉ በሙሉ "በእጅ" ከሆነ ተጠንቀቁ። ለሶሻል ሴኩሪቲ አይመዘገብላችሁም፤ አፓርታማ ስትከራዩ የገቢ ማስረጃ የላችሁም፤ ከሥራ ብትወጡም ሠርቻለሁ የምትሉበት ወረቀት የለም።

የሐበሻ ቤት ከሆነ አንድ ተጨማሪ፦ "በ11 ና" ሲሉ በየትኛው ሰዓት ነው? አንድ ጓደኛዬ ማታ 5 ሰዓት ለተጠራበት ሥራ ጠዋት 11 ላይ ሄዶ ስድስት ሰዓት ቆሟል።

*መልሱ ግልጽ ካልሆነ፦* "ትደርሺበታለሽ"፣ "እንደ ልጄ ነው የማይሽ"፣ "ሥራሽን አይተን" የሚሉት መልስ አይደሉም። አንድ ጊዜ ብቻ በትህትና ደግማችሁ ጠይቁ፦ "ገብቶኛል እትዬ፤ ለመጀመሪያው ሳምንት ግን በሰዓት ስንት ብዬ ልያዝ?" ሁለተኛም ካልተነገራችሁ አመስግናችሁ ውጡ።

*የተነገራችሁን በጽሑፍ አስቀሩ፦* ቤት እንደገባችሁ አጭር ቴክስት ላኩ። "እትዬ፣ ስለ ዛሬው አመሰግናለሁ። በተነጋገርነው መሠረት ረቡዕና ቅዳሜ ከ11 እስከ 4፣ በሰዓት 4 ዶላርና የየራስ ቲፕ። ቅዳሜ እጀምራለሁ።" ይህች መልእክት በኋላ ትጠቅማችኋለች።

ደረጃ 7፦ እውነተኛውን የሰዓት ክፍያ አስሉ

"በማታ 150 ዶላር ይገኛል" የሚለውን ወሬ አትመኑ። ሒሳቡ ይህ ነው፦ መነሻ ክፍያ ሲደመር ቲፕ፣ ሲቀነስ መጓጓዣ፤ የቀረውን ከቤት ወጥታችሁ ቤት እስክትመለሱ ባለው ሰዓት ሁሉ አካፍሉ።

ለምሳሌ ሁለት ቤት እንውሰድ።

የመጀመሪያው ማታ ነው፤ ከ5 እስከ 11፡30፣ ስድስት ሰዓት ተኩል። በሰዓት በ4 ዶላር ሲታሰብ መነሻው 26 ዶላር ይሆናል፤ ቲፕ 130። ድምሩ 156። ለመሄጃና በኡበር ለመመለሻ 25 ይወጣል። የቀረው 131 ዶላር። መሄጃ 1 ሰዓት ከ15 ደቂቃ፣ መመለሻ ግማሽ ሰዓት ሲጨመር 8 ሰዓት ከሩብ ነው። በሰዓት 15.88 መጣ።

ሁለተኛው ምሳ ነው፤ ከ11 እስከ 4፣ አምስት ሰዓት። መነሻው 20፣ ቲፑ 75፣ ድምሩ 95። በእግር ደርሶ መልስ 20 ደቂቃ። 95ን ለ5 ሰዓት ከ20 ስታካፍሉ 17.81 ነው።

156 ከ95 ይበልጣል። ሁለተኛው ቤት ግን ይሻላል፤ ማታችሁንም አይነካም።

የቲፑን ቁጥር ከማናጀሩ ብቻ አትውሰዱ። እዚያ የሚሠራን ሰው "ማክሰኞ ስንት ይዘሽ ትወጫለሽ?" ብላችሁ ጠይቁ። የተጋነነ ሊሆን ስለሚችል ከነገሯችሁ ላይ ሩቡን ቀንሱና አስሉ።

ደረጃ 8፦ ወረቀትና የመጀመሪያው ወር

1. የመሥራት ፈቃዳችሁ የሚረጋገጥበትን አይ-9 ቅጽ ትሞላላችሁ። ሥራ በጀመራችሁ በሦስት የሥራ ቀናት ውስጥ ሰነድ ማሳየት አለባችሁ። ግሪን ካርድ ወይም የሥራ ፈቃድ ካርድ ብቻውን ይበቃል፤ አለበለዚያ መታወቂያና ሶሻል ሴኩሪቲ ካርድ። ከተፈቀዱት ውስጥ የትኛውን እንደምታሳዩ የምትመርጡት እናንተ ናችሁ።

2. ከደሞዛችሁ ስንት ታክስ እንደሚቆረጥ የሚወስነውን ደብሊው-4 ቅጽ ሙሉ። ወላጆቻችሁ በታክስ የሚይዟችሁ መሆን አለመሆኑን ከቤት ጠይቃችሁ ሂዱ፤ በትክክል ሙሉት።

3. ትንሽ ደብተር ያዙ። በየሺፍቱ የገባችሁበትን፣ የወጣችሁበትን፣ የካሽና የካርድ ቲፕ፣ ለሌላ ያካፈላችሁትን ጻፉ። በወር 20 ዶላር ወይም ከዚያ በላይ ቲፕ ካገኛችሁ እስከሚቀጥለው ወር 10ኛ ቀን ለአሠሪው ማሳወቅ ግዴታ ነው።

4. "ቲፕ ታክስ የለውም" የሚለውን ወሬ በልክ ያዙት። በ2025 በወጣው ሕግ ከ2025 እስከ 2028 ባሉት ዓመታት እስከ 25,000 ዶላር የሚደርስ ቲፕ ከፌዴራል የገቢ ታክስ ስሌት ሊቀነስ ይችላል። የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር 7.65 በመቶ ግን ይቆረጣል። ያልተመዘገበ ቲፕ ደግሞ ይህን ቅናሽ አያገኝም።

5. በአራተኛው ሳምንት የደረጃ 7ን ሒሳብ በራሳችሁ ደብተር ቁጥር እንደገና ሥሩ። የተነገራችሁና ያገኛችሁት በጣም ከተራራቀ ሌላ ቤት መፈለግ ጀምሩ።

ነገሩ ሲበላሽ

*ሺፍት ሳይጠየቁ ተጨመረባችሁ።* በመጀመሪያው ጊዜ ተናገሩ። ሁለት ጊዜ ዝም ካላችሁ ልማድ ይሆናል። "ጋሼ፣ ሐሙስ ክላስ ስላለኝ አልችልም፤ እሑድ ጠዋት ከፈለጉኝ ግን እገባለሁ" በሉ። እምቢታውን ከሌላ አማራጭ ጋር ስታቀርቡ ይቀላል።

*የፈተና ሳምንት ደረሰ።* ሲላበስ የተሰጣችሁ ዕለት የሚድተርምና የፋይናል ቀኖችን ገልብጣችሁ ለማናጀሩ ስጡ። ከፈተናው በፊት ሦስት ሳምንት ሲቀረው እንደገና አስታውሱ።

*ቲፕ ወይም ደሞዝ ጎደለ።* በንዴት አትሂዱ። ደብተሩንና ፔይ ስታቡን ጎን ለጎን ይዛችሁ፣ ሰው በሌለበት፣ ከሰዓት በኋላ አነጋግሩ። ብዙ ጊዜ የቁጥር ስህተት ነው። እምቢ ካሉ የፌዴራሉ የሥራ ሚኒስቴር የደሞዝና የሰዓት ክፍል ስልክ 1-866-487-9243 ነው። ቅሬታ በማቅረባችሁ ሊያባርሯችሁ ወይም ሊበቀሏችሁ አይፈቀድም።

*ውጤታችሁ መውረድ ጀመረ።* ክላስ ከመጣላችሁ በፊት አንድ ሺፍት ጣሉ። ሺፍት በሚቀጥለው ወር ይገኛል። ክላሱ ግን ተመልሶ የሚሰጠው በሚቀጥለው ሴሚስተር፣ ምናልባትም በሚቀጥለው ዓመት ነው።

*ደንበኛ ወይም የሥራ ባልደረባ ካስቸገራችሁ፣ እጁን ከሰነዘረ ወይም ነውር ከተናገረ።* ያን ዕለት ለማናጀር ንገሩ፤ ቀኑንና ሰዓቱን ጻፉ። "ደንበኛ ነው፣ ቻዪው" ከተባላችሁ ያ ቤት አይጠብቃችሁም። ሌላ ሥራ እስኪገኝ አትጠብቁ፤ ውጡ።

*መልቀቅ ፈለጋችሁ።* የሁለት ሳምንት ማስታወቂያ ስጡ። በአካል ንገሩ፤ በቴክስት ብቻ አታድርጉት። "እትዬ፣ ስለ ሁሉም ነገር አመሰግናለሁ። ትምህርቱ ስለከበደኝ እስከ 15ኛው ቀን ሠርቼ ልልቀቅ። የሚተካኝን ሰው አሠለጥናለሁ።" የመጨረሻውን ቼክ መቼ እንደምትወስዱ ጠይቁ። የዓመቱን ገቢና የተቆረጠ ታክስ የሚያሳየው የደብሊው-2 ወረቀታችሁ በጃንዋሪ መጨረሻ ስለሚላክ፣ የምትቀየሩበት አድራሻ ካለ ጽፋችሁ ትታችሁ ውጡ።